ሌንሳን ትቼ የመጣሁበት ክረምት

ይህን እስከ ዘንድሮ ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ጾም በገባ ቁጥር ሌላ ሌላውን እየነገርኳቸው ይህን አስቀርቼ ተመልሻለሁ። ዘንድሮ ለአንድ ሰው ተናገርኩ። አሁን ደግሞ ለማታውቁኝ ለእናንተ እጽፋለሁ።

በዚያ ጠዋት እነማን እንደነበሩና የት እንደቆሙ ላስቀድም። ከወደራ ወዲህ፣ ከዋናው መንገድ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ያለ መንደር ነው። አኮ፣ የሌንሳ የአባቷ እናት፣ በበትራቸው ተደግፈው ከቤታቸው ደጃፍ ቆመዋል። ሁለት ሽማግሌዎች ከበረቱ አጠገብ ካለው ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ልጆቼ ዮናስና ሜሮን ሻንጣውን መሀላቸው አቁመው ለመንገድ ተዘጋጅተዋል። ሌንሳ፣ የታናሽ እህቴ ልጅ፣ ከእነሱ አጠገብ ናት፤ እሷም ጫማዋን አድርጋለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እኔ በእሷና በመንገዱ መካከል ቆሜያለሁ። እናቷ አስቴር እዚያ አልነበረችም። ዶሎ ኦዶ ለእርዳታ ሠራተኞች ምግብ ታበስል ነበር፤ ልጇን ለእኔ አደራ ብላ ነው የሄደችው።

ወቅቱ መንግሥት ከተለወጠ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው። የሌንሳ አባት ጃርሶ ነጌሌ አስተማሪ ነበር፤ ታሞ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። እናቱ የልጅ ልጃቸውን ማየት ፈልገው በገበያተኛ ላኩ። አስቴርም ጻፈችልኝ። «እትዬ፣ ትምህርት ሲዘጋ ለአንድ ሳምንት ውሰጂልኝ፤ አያቷን አሳይተሽ ይዘሻት ተመለሽ» ይላል ደብዳቤው። ይዘሻት ተመለሽ። ቃሉ ግልጽ ነበር።

በእኛ አገር ክረምት ማለት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ እንጂ ዝናብ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ብርዱና ጉሙ ይከብዳል፤ መንገዱ ግን ያቦናል። ስኳር በጫነ መኪና ከምንኖርበት ከነጌሌ ተነሳን። ሾፌሩ አደም የሚባል፣ የነጌሌ ነጋዴ ልጅ ነው። አራታችንንም ጋቢና አስገባን። «እትዬ፣ ማርሹ የት እንደገባ ቢነግሩኝ!» ይለኛል፣ እጁን በልጆቹ ጉልበቶች መሀል እየሰደደ። ልጆቹ የመንገዱን ኩይሳ መቁጠር ጀመሩ። ዮናስ በግራ፣ ሌንሳ በቀኝ። ሌንሳ የምትቆጥረው በኦሮምኛ ነው፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ።

«በአማርኛ ቁጠሪ! ታጭበረብሪያለሽ» አላት ዮናስ።

«ኩይሳው አማርኛ አይሰማም» አለችው።

አደም መኪናውን እስኪያቆም ድረስ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ልጅቷ በተናገረች ቁጥር ሰው ሲስቅላት ማየት ሰልችቶኝ ነበር። በዚያ ሰኔ ሜሮን አራተኛ ክፍል ወደቀች። ሌንሳ ሦስተኛን አንደኛ ወጥታ አለፈች። መስከረም ሲጠባ ሁለቱ አንድ ክፍል ሊገቡ ነው። ባለቤቴ የሌንሳን ካርድ አይቶ ራሷን ሲዳብሳት፣ ሜሮን ጓዳ ገብታ ምሳ አልበላም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ አንድ ነገር ይዤ ነበር። ምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩትም። አውቀው ነበር ግን።

ሳምንቱ ጥሩ ነበር። ልጆቹ ወተት ጠገቡ፣ ከጥጃ ጋር ሮጡ። ሌንሳ ካርዷን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ ነበርና ለአያቷ አሳየቻቸው። አኮ ማንበብ አይችሉም፤ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ሆነን አኮ እንዲህ አሉኝ፦ «አካሄዷ የልጄ ነው። እዚህ ብትሆን እንዴት ደስ ባለኝ። እናት አላት እንጂ።»

አልጠየቁኝም። ይህን አስምሬበት መጻፍ እፈልጋለሁ። ሴትየዋ ምንም አልጠየቁኝም።

«እናቷ ሰጥታችኋለች» አልኩ።

ወደ እኔ ዞሩ። «በአፏ?»

«በአፏ። ይዤያት የመጣሁትም ለዚሁ ነው።»

እንዲህ አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። አኮ ሽማግሌዎቹን አስጠሩ። ወላጆቻችን ሞተዋልና የታላቅ እህት ቃል የቤተሰቡ ቃል ሆኖ ተወሰደ። መረቁን። ለአንድ ዓመት ብቻ መስሎኝ ነበር ልበል? ባህላቸውን አላውቅም ነበር ልበል? በዚያ አገር ስኖር ሃያ ዓመት ሆኖኝ ነበር። በሽማግሌ ፊት ለጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ተመልሶ እንደማይጠየቅ አውቃለሁ። ልጁም ባለበት «የተሰጠ ነው» እንደማይባል፣ ያን ማለት ልጁን ማዋረድ መሆኑን አውቃለሁ። ይህ ደግ ባህል ነው። እኔ ግን ውሸቴን የማይገልጥብኝ መሸፈኛ አደረግኩት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰዎቹ ሁሉ ከላይ እንደጻፍኩት ቆመው ሳለ፣ ሌንሳን ወደ ጎን ወስጄ «አንቺ እዚህ ትቀሪያለሽ» አልኳት።

«እስከ መቼ?»

«እናትሽ እዚሁ ሁኚ ብላለች።»

«እማዬ? እማዬ ናት ያለችው?»

«አዎ።»

አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ፈታች። ከዚያ ካርዷን አውጥታ «መስከረም የት ነው የምመዘገበው?» አለችኝ። «ለእኔ ስጪኝ፤ እዚህ ይጠፋብሻል» ብዬ ተቀብዬ ቦርሳዬ ከተትኩት። ያለ ካርድ ማንም እንደማይመዘግባት አላሰብኩም ልላችሁ አልችልም። አስቤዋለሁ። የሌንሳ ትምህርት በሦስተኛ ክፍል ቀረ።

ስንመለስ መንገድ ላይ የጠበቀን አደም ነው። «ኩይሳ ቆጣሪዋስ?» አለኝ።

«አያቷ ጋ ልቅር አለች።»

ያ ቃል ያን ጊዜ ነው ከአፌ የወጣው። አስቴር ጥር ላይ ፈቃድ አግኝታ ስትመጣም እሱኑ ሰጠኋት። ልጅሽ አልመለስም አለች አልኳት። ፈልጋ ነው አልኳት።

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲህ ትላለች እትዬ?»

«አለች።»

ሄጄ ከአፏ ልስማ አለች። አብሬያት ሄድኩ። ሁሉም ለእህቴ ያዘንኩ መሰላቸው። የሄድኩት ግን ሁለቱ ውሸቶቼ እንዳይገናኙ ልጠብቅ ነው። በመንገድ ላይ «አኮ የልጃቸው ሐዘን አልወጣላቸውም፤ እንዳትከራከሪያቸው፤ ልጅቷን ብቻ ጠይቂ» እያልኩ መከርኳት። እሷ ታምነኛለች፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

ስንደርስ ሌንሳ እኛን አይታ ከአያቷ ኋላ ሆነች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አኮ «አካም፣ ናጋ» ብለው ተቀበሉን፤ ሌላ ግን አልተናገሩም። ልጅቷ አጠገባቸው ናትና አይናገሩም። አስቴርን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። የሰጠች እናት ናፍቋት የመጣች መስሏቸው ነው።

«ሌንሳዬ፣ ከእኔ ጋ አትሄጂም?» አለች እህቴ።

አስቴር አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ብቻ ንገሪኝ። አልቆጣሽም።»

ሌንሳ ፊቷን ሳትመልስ በኦሮምኛ «አልሄድም» አለች።

ከሰጠችኝ እናት ጋ አልሄድም ማለቷ ነበር። እህቴ የሰማችው ግን እናቴን አልፈልግም የሚለውን ነው። ሁለቱም በአንድ ቃል ልባቸው ተሰበረ። መሀላቸው ቆሜ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌን መክፈት ብቻ ነበር የቀረኝ። ምን ያዘኝ? ፈራሁ? አፈርኩ? ዛሬም መልሱን ስፈልግ የማገኘው አንድ ነው፤ ውሸቱ መያዙን ሳይ ቅልል አለኝ።

ከአስቴር ጋር ወደ ነጌሌ ተመለስን። ከመኪና ስንወርድ «ጫማው ጠቧታል፤ ተረከዟን አየሽው?» አለች።  ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከዶሎ ኦዶ በሾፌር ጫማ ትልክ ነበር። «እትዬ፣ ከእኔ ነው አትበያት፤ አላደርግም ትላለች» ትለኛለች። እኔም ወስጄ እሰጣለሁ። ከማን እንደሆነ አልናገርም። ለዚህ እንኳ መዋሸት አላስፈለገኝም። ሌንሳም ከእኔ መሰላት።

ሌንሳ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት እህቴ እዚያው ዶሎ ኦዶ በወባ ሞተች። መርዶውን ለሌንሳ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። «ያልፈለገችኝን እናት ምን ብዬ ላልቅስላት?» አለችኝ። ያኔስ? ያኔ እንኳ ዝም አልኩ። የሞተችው አትሰማም፣ ይቺን ለምን ላስጨንቃት ብዬ ዝምታዬን ርኅራኄ አስመሰልኩት።

ሌንሳ አገባች፣ ወለደች። ነጌሌ ገበያ በወጣች ቁጥር ቤቴ ሳትገባ አትመለስም። ባለቤቴ ሲሞት ከልጆቼ ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት። ሜሮን ነርስ ሆና ሐዋሳ ትኖራለች፤ ይህን ነገር አታውቅም።

ዘንድሮ ክረምት መውጫ ላይ፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ ሌንሳ የመጨረሻ ልጇን ሀዊን ይዛ መጣች። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው። ልብሷ በፌስታል ታስሯል።

«እትዬ፣ እዚህ አንቱ ዘንድ ሆና ትማር» አለችኝ። «እኔ ሳልማር ቀረሁ፤ ይቺ ትማር። ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።»

«ሌንሳ፣ እኔ አርጅቻለሁ» አልኩ።

«እናቴ ጣለችኝ። አንቱ ግን አልጣሉኝም፤ በየዓመቱ ጫማ እያመላለሱ አሳደጉኝ። ለአንቱ ካልሰጠሁ ለማን ልስጥ?»

ሀዊ ከበሩ አጠገብ ቆማ የግድግዳውን ፎቶ ታያለች። ሌንሳ ፌስታሉን አንስታ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው።

የዚያን ጊዜ ተናገርኩ። ደፋር ሆኜ አይደለም። ያን ፌስታል ከአልጋዬ ላይ አንስቼ ልብሶቹን ማጠፍ እንደማልችል ስላወቅኩ ነው። ካርዱን ነገርኳት። ለአኮ ያልኩትን ነገርኳት። ለእናቷ ያልኩትን ነገርኳት። ጫማው ከማን እንደነበረ ነገርኳት። አንድም ነገር አላስቀረሁም። ይቅር በይኝ አላልኳትም፤ እሱን መጠየቅ ሌላ ነገር ከእሷ መውሰድ መስሎ ታየኝ። ከእናንተም አልጠይቅም።

ሌንሳ እስክጨርስ ሰማችኝ። እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር።

«ሳታውቅ ሞተች?» አለች።

«ሳታውቅ።»

ተነሳች። ፌስታሉን ከአልጋው ላይ አነሳች፣ የልጇን እጅ ያዘች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።