ስምንት ገጽ የገበጣ ደንብ

የልጅ ልጄ ሰሞኑን አኩርፋለች። ያዘዘችው የጠረጴዛ ጨዋታ ዘግይቷል፤ ሰሌዳውም ካርዱም አልቆ የደንቡ መጽሐፍ ብቻ ማተሚያ ቤት ቀርቷል አሏት። «ለአንድ ቀጭን መጽሐፍ ይህን ያህል ጊዜ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኛ ለስምንት ገጽ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ደክመናል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከመራዊ መጥቼ ባሕር ዳር፣ ፔዳ የሚባለው የመምህራን ኮሌጅ የገባሁ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ የሐይቁ ዳር ሰዎች የሚያነቡት ሲያጡ የተማሩትን ይረሱ ነበር። መምህራችን ጋሼ ይልማ «የሚወዱትን እንስጣቸው» ብለው የገበጣን ደንብ እንድጽፍ አዘዙኝ። ጋሼ ደስ እንዲላቸው ብዬ «ለገና አደርሳለሁ» አልሁ።

ገበጣን እጅ ያውቀዋል እንጂ አፍ አይናገረውም። አንድ ዓረፍተ ነገር በጻፍሁ ቁጥር ጠጠሮቹን አልጋዬ ላይ ደርድሬ እሞክራለሁ፤ ደግሞ እሰርዛለሁ። ገና አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ።

ጽሑፉ ሲያልቅ ለካድሬው ቀረበ። ያለ እሱ ፈቃድ የሚባዛ ነገር የለም።

«ጓድ ተማሪ፣ አሸናፊው የተሸናፊውን ጠጠር ሁሉ ይወስዳል ይላል።»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ይህማ ብዝበዛ ነው። መጨረሻ ላይ እኩል ይካፈሉ በል።»

«እኩል ከተካፈሉ ማን አሸነፈ ይባላል?»

«ሰፊው ሕዝብ።»

ለጋሼ ይልማ ነገርኋቸው። አልተከራከሩም፤ ገበጣቸውን በብብታቸው ይዘው ሄዱና «ጓድ፣ እስቲ አንዴ ይሞክሩት» አሉት። ካድሬው አሸነፈ። የጋሼን ጠጠር ጠርጎ ወደ ራሱ ከሰበሰበ በኋላ ክምሩን ቆይቶ ቆይቶ አየውና «ደንቡ እንዳለ ይውጣ» አለ። ጋሼ ይልማ አውቀው ተሸንፈው ይሆን? ልጠይቃቸው አልደፈርሁም።

ቀጥሎ የማባዣው ቀለም አለቀ። ከአዲስ አበባ የመጣው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ሥራው ሲጠናቀቅ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ገበሬው ወደ እርሻው ገብቶ ነበር። አሁን ማን ያነበዋል? አልሁ።

ቢሆንም ጥቂት ቅጂ ይዘን ሐይቁ ዳር ወረድን። አሣ በሚጠበስበት ጥግ ከሰው ጋር ተቀምጠው ያገኘናቸው ሼህ እንድሪስ የወረታ ተወላጅ፣ የእህል ነጋዴ ናቸው። ዐረብኛ ከልጅነታቸው ያነባሉ፤ የአማርኛን ፊደል ግን የለዩት በመሠረተ ትምህርት ነው። አንዱን ተቀብለው በጣታቸው መስመር እየተከተሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆሙ።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ተሳስተሃል ልጄ። ጠጠር የሚሄደው ወደ ግራ ነው።»

«ሼህ፣ እኛ ጋ፣ መራዊ፣ ወደ ቀኝ ነው።»

«መራዊማ ገና መቼ መጫወት ተማረና።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ «እስቲ ይቀጥሉልን፤ ሌላ ምን አበላሽቷል?» አለ። ቀጠሉ። ጎናቸው ያለው ሰውዬ ሌላ ቅጂ ወስዶ «ቆይ ቆይ፣ እዚህ ላይስ ልክ ነው» እያለ ይሟገታቸው ጀመር። እኔ ፊቴ እየነደደ ወደ ጋሼ ይልማ ዞርሁ። ፈገግታቸውን በእጃቸው ሸፍነው «ዝም በል፤ እያነበቡ ነው» አሉኝ።

ሼህ እንድሪስ የመጨረሻዋን ቃል እስኪጨርሱ ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

ሁለተኛ እትም አልወጣም፤ ጠጠሩም በየአገሩ እንደ ልማዱ ይዞራል። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌያለሁ፤ ምስጋናም አላጣሁም። ሊሟገተኝ ብሎ እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበበኝ ሰው ግን ጥቂት ነው።