የእሑድ ጾመኛው ሐምዛ

በአራዳ ሠፈር ስለ አንድነት የሚናገር ሰው ሞልቶ ተርፏል። ማይክ ሲያይ የሚንሰፈሰፈው፣ ነጭ ለብሶ ፎቶ የሚነሣው፣ «ተዋደን ተከባብረን» እያለ ጉሮሮው የሚደርቀው ሁሉ እዚሁ ነው። ልብስ ሰፊው ሐምዛ ግን እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣው ሰምቼ አላውቅም። የሚያወራው ስለ ክርና ስለ ዚፕ ነው፤ እሱንም እየተነጫነጨ። ቀጠሮ የሚባል ነገር አያውቅም። ለገና ያዘዝከውን ሱሪ ለጥምቀት ሰጥቶ ምስጋና ይጠብቃል።

ከይርገዱ ጋር ግድግዳ ይጋራሉ። ይርገዱ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ሄለንን ብቻዋን ያሳደገች፣ ቅዳሴ የማታስታጉል ሴት ናት። ሐምዛ ደግሞ ሶላቱ አያልፈውም። በእኛ አገር ክርስቲያኑ ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም፣ ሙስሊሙ ያረደውንም ክርስቲያኑ አይበላም፤ በዚህ የተጣላ ጎረቤት ግን አላየሁም። ይርገዱ ስትደግስ አንድ ፍየል ለብቻው ይታሰራል። ሐምዛ ቢላዋውን ይዞ ይመጣና ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ ሚስቱም ይርገዱ ለዚሁ ብላ ባስቀመጠችው ድስት ትሠራለች። እሱም ልጁን ሲድር ለእኛ በግ አስሮ፣ የእኛን ሰው ጠርቶ በስመ አብ አስብሎ አሳርዷል። የሄለንን የሠርግ ካባ የሰፋው እሱ ነው። በቀኑ ያደረሰው ልብስ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ሁሉ ሊያበላሽ የመጣው አወቀ ነው። አወቀ የይርገዱ ወንድም ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች ቸኩለዋል። ዲግሪ ከነደራቢው አለው፤ ስለ አብሮ መኖር ሥልጠና ይሰጣል፤ አብራው የኖረችው ሚስቱ ግን ጥላው ሄዳለች። የሠርጉ ለት፣ እሑድ ጠዋት፣ ይርገዱ ቅዳሴ ሳለች ፍየሉን ለብቻው ታስሮ አየው።

«በአንድ ድንኳን ሁለት ድስት? ይኼ መለያየት የሚቀረው መቼ ነው?» አለና የበሬውን አራጅ አዝዞ ፍየሉንም አሳረደው። ሥጋው በአንድ ላይ ተከትፎ በአንድ ድስት ገባ። እኔ ሽንኩርት ይዤ ስመለስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።

ሐምዛ ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። አጥር ላይ የተሰጣውን ቆዳ አየ፣ አወቀን አየ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይርገዱ ከቤተ ክርስቲያን ገብታ የሆነውን ስትሰማ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ።

«ጉድ ሠራኸኝ አወቀ! ሐምዛን ባዶ ሆዱን ከልጄ ሠርግ ልሸኘው? ከእንግዲህ በምን ዓይኔ ነው የማየው?»

«ሥጋ ሥጋ ነው እኮ እህቴ። ይለምዱታል» አላት። እንደዚያ ቀን ሰው በሽንኩርት መምታት አምሮኝ አያውቅም። ሌላ ፍየል እንዳይገዛ ገበያ የለም፤ ሙሽራውም ከኮላ ድባ ተነሥቶ መንገድ ላይ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ሐምዛ ከነሚስቱ፣ ከነዘመዶቹ አምሮበት መጣና ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። አወቀ በአንድ እጁ ሥጋ የተከመረበት ሳህን፣ በሌላው ስልኩን ደግኖ ደረሰ። «በሉ እንጂ! ዛሬ የአንድነት ማዕድ ነው!»

ሐምዛ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «አላህ ይስጥልን። ጾመኛ ነኝ።»

«እኔም» አለች ሚስቱ። ዘመዶቹም ተራ በተራ ጾመኛ ሆኑ። ሙስሊም በፈቃዱ ሲጾም ሰኞና ሐሙስ ነው፤ ቤተ ዘመድ ተጠራርቶ በእሑድ ሲጾም ግን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ይርገዱን ላለማሳፈር እንደሆነ ከአወቀ በቀር ሁላችንም ገብቶናል። እሱማ «ጎበዝ! ሃይማኖተኛ ሕዝብ!» እያለ ፎቶውን አነሣ።

ይርገዱ መጥታ ከሐምዛ አጠገብ ተቀመጠች። አወቀ ሳህኑን ወደ እሷ አዞረ።

«የሙሽራ እናት ሳትቀምስ?»

«እኔም ጾመኛ ነኝ።»

«በእሑድ? ከቅዳሴ መጥተሽ?» ሳቀና ጎን ወዳሉት ቄስ ዞረ። «አባ ወልደኢየሱስ፣ እስቲ ይፍረዱ!»

«በእሑድ መጾም አልተፈቀደም» አሉ ቄሱ። ሐምዛን አዩ፤ ይርገዱን አዩ። ፊታቸው የቀረበውን ወጥ በቀስታ ገፋ አደረጉት። «እኔ ግን ጠግቤያለሁ።» ገና አንዲት ጉርሻ አልቀመሱም ነበር። ካህን ሲዋሽ ደስ ብሎኝ የሚያውቀው ያኔ ነው።

የሐምዛ ዓይን እንባ አቀረረ። «ምነው ይርጌ? የልጅሽ ሠርግ አይደለም? ብዪ እንጂ።»

«አንተ ስትበላ።»

«እምቢ አልሽ?»

«እምቢ አልሁ።»

ውጭ የሙሽራው መኪኖች ጡሩምባ ይሰማ ጀመር። ሐምዛ ከጠረጴዛው መካከል የተቀመጠውን ድፎ ዳቦ ወደ እሷ ሳበው። «እንግዲያውስ ቁረሺ» አላት።

ቆረሰች። ለእሱ ሰጠችው፣ ለሚስቱ ሰጠች፣ ለቄሱም ሰጠች፤ የራሷንም አፏ ከተተች። አወቀ አፉን በሥጋ እንደሞላ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ጋሽ ሐምዛ! ኧረ ፀሐይ አልጠለቀችም!»

ይርገዱ ቀና ብላ አላየችውም። ለሐምዛ ሁለተኛውን ቁራሽ እያቀበለች፣

«አንተ ጠብቃት» አለችው።