እግሩን ያጠብንለት ጠያቂ

ዛሬ ጠዋት ሳሎን ቁጭ ብዬ ሱፍ ስለቅም በሩ ተንኳኳ። አንዲት የኛ ልጅ ናት፣ እዚሁ እስራኤል፣ ቤርሼቫ ከተማ የተወለደች፣ ትልቅ ስልክ ይዛለች። ስለ አሮጊቶች ጤና ልጠይቅ ነው የመጣሁት አለችኝ፣ ግማሹን በዕብራይስጥ። ግቢ አልኳት። ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠችና አብራኝ ትለቅም ጀመር። ያን ጊዜ ወንድሜ አየለ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሁኜ፣ ጎንደር አገራችን፣ እንዲሁ ቤት ለቤት የሚጠይቅ ሰው መጥቶ ነበር። የሚያስል ሰው አለ ወይ ይላል፤ ኋላ መድኃኒት የሚመጣው ለተጻፈው ቤት ነው ተባለ። ለኛ መንደር የደረሰን ሳቂታ ነው። እናቴ እግሩን በሞቀ ውኃ አጠበችው። የዚያ የረጠበ ጫማው ሽታ እስካሁን ካፍንጫዬ አልጠፋም። እግሩን ካጠቡት ወዲያ እንግዳ አይደለም፣ ልጅ ነው።

"አግብተሃል አንተ?" ትለዋለች።

"እርስዎ ይፈልጉልኝ እንጂ!" ይላታል። ይሳሳቃሉ።

አየለ ጓዳ ተኝቷል። የሚያስል ካለበት ቤት የሚጋባ ስለሌለ ይደበቃል። ጨዋታው መሀል አሳለ። ሰውየውም ሰማ። እናቴ መሬት መሬት አየች።

"ብርድ ነው አይደል እትዬ?" አላት።

"አዎ ብርድ ነው፣ የኔ ልጅ።"

አፈረ መሰለኝ፣ አልደገመም። የለም ብሎ ጻፈ።

ከወንዝ ማዶ የዞረው ኮስታራ ነበር። እህል አልቀምስም ይላል፣ ጓዳ ድረስ ይዘልቃል። ስንቱ ረገመው! መድኃኒቱ ሲመጣ ማዶ ሄደ፣ የማዶ ልጆች ዳኑ። የኛን ቤት አለፉት። አየለ ለፋሲካ አልደረሰም። እናቴ ግን እስክትሞት "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነበር" ትለው ነበር ያን ሳቂታ። እኔን የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው።

ልጅቱ "ሳቭታ፣ አያቴ፣ ሌሊት ደህና ነው የምትተኚው፣ አይደል?" አለችኝ እየሳቀች። አዎ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"እንዲህ ብለሽ አትጠይቂኝ ልጄ። ዝም በይና እኔ ልናገር" አልኳት።

ጉልበቴን፣ ሌሊት የሚያፍነኝን፣ ሁሉን ነገርኳት። ፊቷ ጠቆረ፣ ግን ጻፈች። ያኔ መድኃኒቱ ከሩቅ ነበር የሚመጣው፤ ዛሬ ሐኪም ቤቱ፣ ቁፓት ሆሊም የሚሉት፣ እዚሁ ደጃችን ነው። ማፈሩ ግን አብሮን መጣ።

ከሰዓት ጎረቤቴ ዘውዲቱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ መጣች፣ ያ እግሯ እንዳበጠ።

"አየሻት የዛሬዋን ልጅ?" አለችኝ። "ማር እኮ ናት! ሻሼን ሳይቀር አሰረችልኝ። እንዴት ብዬ ላሳዝናት? ምንም አያመኝም ብዬ ሸኘኋት።"