እናኑ ስለኔ የማለችው

ባለፈው ቅዳሜ የሰፈራችን ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጠርቶ፣ ተማሪዎች በየማለዳው በሰንደቅ ዓላማ ፊት የታማኝነት መሐላ ይማሉ ወይስ አይማሉ እያለ ሲያከራክረን ዋለ። እኔም ስለ ልጅ ልጄ ሄጄ ተቀምጫለሁ። ከፊቴ አንድ ሰውዬ ተነስተው ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አማማሉን ሲያሳዩን ግን፣ ለድጋፍም ለተቃውሞም እጄን ሳላወጣ ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

እኛ በንጉሡ ዘመን በየማለዳው እንምል ነበር። የጎንደር ብርድ ጉልበታችንን እያንቀጠቀጠው፣ ባንዲራው ሽቅብ ሲሳብ፣ ያ ሁሉ ልጅ ባንድ ድምፅ «ለንጉሠ ነገሥቴ፣ ለሰንደቅ ዓላማዬና ለአገሬ ታምኜ ልኖር እምላለሁ» ይላል። እኔ ግን አልልም። አባቴ የቁስቋም ማርያም ቄስ ነበሩ፤ በቤታችን መሐላ ከስድብ ይከፋል፣ በእውነትም ቢሆን እንዳልምል ገዝተውኛል፣ ግዝት ደግሞ ለቄስ ልጅ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ዓይኔን ባንዲራው ላይ ተክዬ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ሁለት ዓመት ኖርኩ። በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል ብቻን ዝም ብሎ መቆም እንዴት እንደሚያስፈራ የቀመሰው ያውቀዋል።

ምስጢሬን የምታውቀው እናኑ ብቻ ነበረች። ከደምብያ፣ ከኮላ ድባ መጥታ አክስቷ ቤት ተቀምጣ የምትማር የገበሬ ልጅ ናት፤ ሳቋ ከሷ ቀድሞ ክፍል ይገባል፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ከዴስኩ ሥር የሽምብራ እሸት ትፈለፍልልኛለች። ሰልፍ ላይ ከጎኔ ቆማ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ እየጮኸች ትምልና፣ «ያንቺንም ጨምሬ ነው፣ አይዞሽ» ትለኛለች። ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም፤ እንዲኖረኝም አላማረኝም።

አንድ ቀን ሰልፍ የሚቆጣጠሩት መምህር ከኋላዬ መጥተው ጆሯቸውን አፌ ላይ ደቀኑ። ጉድ ፈላ! ጎትተው አወጡኝና «ይቺ አትምልም፤ የማይምል እዚህ አይማርም» አሉ። ለኔ ከትምህርት ቤት መባረር ማለት መዳር ነው፤ ሁለቱ እህቶቼ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ተድረዋል። እንባዬ ሳይወርድ እናኑ ዘላ ወጣችና፣ መምህሩን እንዳገሯ ወግ «ምነው አያ!» አለቻቸው። እጇንም ቤተ ክርስቲያኗ ወዳለችበት ኮረብታ ዘርግታ «በቁስቋም ማርያም! ምላለች! ሐሰት ከሆነ እኔን ትቅሠፈኝ!» አለች። በታቦት ከተማለ ወዲያ ማን ይከራከራል? መምህሩ አማትበው ወደ ሰልፌ መለሱኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እናኑ በትኩሳት ነደደች። ከእረፍት ስትመለስ ይዛው የመጣችው የደምብያ ወባ እንደነበር ዛሬ አውቀዋለሁ። ያኔ ግን፣ በኔ የተነሳ ማርያም ቀሠፈቻት ብዬ ቁርጥ አደረግኩ። አባቴ እግር ላይ ወድቄ «የማለችው ለኔ ብላ ነው፣ ይፍቱልን» ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ካልኩ ደግሞ የማይምል አይማርም መባሉን ሰምተው ከትምህርት ቤት ያስቀሩኛል። ትምህርቴን መረጥኩ። ወንድሟ መጥቶ በበቅሎ አፈናጦ ሲወስዳት ከካብ ኋላ ተደብቄ አየኋት፤ አንገቷን መቻል አቅቷት ነበር። ወጥቼ እንኳ አልሳምኳትም።

በማግስቱ ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። አፌን ከፍቼ፣ የአባቴን ግዝት ጥሼ፣ ከሁሉም በላይ ጮኼ ማልኩ። ለንጉሡም ለባንዲራውም አልነበረም፤ የእናኑ ቃል ዘግይቶም ቢሆን እውነት እንዲሆንላት ብዬ ነው። በየማለዳው እንዲያ አደረግኩ። እሷ ግን አልተመለሰችም።

ኮላ ድባ ቅርብ ነው፤ ማኪናውም ሞልቷል። ስልሳ ዓመት ሙሉ አልሄድኩም። የደምብያ ሰው ገበያ ላይ ሲያጋጥመኝ ስሟን አፌ ላይ አድርሼ እመልሰዋለሁ፤ ሞተች ከሚሉኝ፣ ድና፣ ተድራ፣ ወልዳ፣ እኔን ረስታኛለች ብዬ ብኖር ይሻለኛል። አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ፣ ባል አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ፤ እንደሷ አድርጎ ስለኔ የማለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።