የቀትር እንቅልፍ በአዲስ አበባ

ሹራቡን ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ገዝቼ ሳመጣው ልጄ ሳቀችብኝ። "እማዬ፣ በዚህ ሙቀት?" አለች። ትምህርት ቤቷ ተማሪዎቹን ለጉብኝት አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ነው። ዛሬ ጠዋት ሹራቡን አጥቤ ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤታችን ጓሮ አሰጣሁት። ፀሐዩ ሲበረታ የሱፉ ሽታ ተነሣ፤ ዝናብ የመታው በግ የሚመስል ሽታ። እጄ ገመዱ ላይ እንዳለ ቀረ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ነይ ጎረቤቴ፣ ጥላው ሥር ተቀመጪና ልንገርሽ።

ያኔ ገጠር፣ ዋሂል ነበርን፤ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከየገጠሩ ጎበዝ ተማሪዎች ተመርጠው አዲስ አበባን ያያሉ ተባለና የእኔም ስም ተጠራ። አባቴ ቀኑን ሙሉ ማሳው ላይ ዋለ። በመጨረሻ አስተማሪያችንን "ትሂድ" አለው። "ግን ስለ እሷ አንዲት ክፉ ወሬ ከሰማሁ ትምህርት የሚባል ነገር አበቃ።" አስተማሪያችን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "አብሽር፣ እንደ ወሰድኳት እመልሳታለሁ" አለ።

የመንገዱ ነገር በጭንቅላቴ ተደበላልቋል። የናፍጣ ሽታ፣ የመስኮቱ መንቀጥቀጥ፣ ከኋላ የሚያስመልሰው ልጅ። ከተማው ስንገባ ምሥራቁ የት እንደሆነ ጠፋኝ። እኛ ዘንድ ተራራው በአንድ በኩል ነው፣ ሜዳው በሌላ በኩል። እዚያ በዞርኩበት ሁሉ ፎቅ ነው፣ ከፎቁ በላይ ደግሞ ተራራ።

ሙዚየም ወስደው በመስታወት ውስጥ የጥንት ሴት አጥንት አሳዩን። ጓደኛዬ ጆሮዬ ሥር "ለምን አልቀበሯትም?" አለችኝ። እኔም አላወቅሁም።

ከዚያ ግቢው ውስጥ ምሳ በላን። እኛ ዘንድ ቀትር ላይ ምሳ ከተበላ ማን ይንቀሳቀሳል? ባለሱቁ በሩን ይዘጋል፣ ፍየሏ እንኳ የግድግዳ ጥላ ፈልጋ ትጋደማለች። እዚያ ግን ከአጥሩ ውጭ ሰው ሁሉ ይጣደፋል።

"ሰው ሞቶ ይሆን እንዴ?" አልኳት ጓደኛዬን።

"ኧረ ዝም በይ፣ ገጠሬ! ይሰሙሻል።"

"አንቺስ ፓሪስ ነው የተወለድሽው?"

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሷ እጇን ልትታጠብ ሄደች። እኔ ተማሪው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ የሚተኛ መሰለኝ። የሚጠየቅ ነገር አልነበረም፤ ቀትር ነበራ። ከሕንፃው ጀርባ ዛፍ ሥር ሻርፔን አንጥፌ ጋደም አልኩ።

ትናንት ልጄን "እዚያ በቀትር እንዳትተኚ" ብላት "ደግሞ ምን ነካሽ?" አለችኝ። ስልክ ይዛለች፤ የምትጠፋ አይመስላትም።

ስነቃ ብርሃኑ አመድ መስሏል። ፀሐይ የለም፣ ያካፋል። ጠዋት ይሁን ማታ አላውቅም፤ እንዲያውም ሌላ ቀን የነጋ መሰለኝ። ምሳ ወደ በላንበት ሮጥኩ። የብርቱካን ልጣጭ ብቻ ቀርቷል። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። የፈራሁት ሌባውን ወይም መኪናውን አልነበረም፤ የአባቴን ጆሮ ነበር። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዋሂል የሚደርስ መሰለኝ።

የግቢው ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ጥላ መጣች። "ምን ሆነሻል የኔ ልጅ? ከማን ጋር ነሽ?" አማርኛ እችል ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ኦሮምኛ ብቻ ሆነ። ሴትዮዋ አልገባትም። ሹራቧን አውልቃ በራሴ በኩል አጠለቀችልኝ። እርጥብ ነበር፤ ጭስ ጭስ፣ በግ በግ ይሸታል። "አይዞሽ፣ ይመጣሉ" እያለች በስስ ቀሚስ አጠገቤ ተንቀጠቀጠች።

አስተማሪያችን እየሮጠ ሲመጣ በዚያ ብርድ ላብ አጥምቆታል። ሲያየኝ አልተቆጣም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። "አባትሽን ምን ልለው ነበር?" አለ። አውቶቡሱ ውስጥ እኔንም ጨምሮ ሁላችንንም አስማለን። "ወላሂ አንናገርም" አልን፤ ክርስቲያኖቹም "ወላሂ" አሉ።

ማንም አልተናገረም። አባቴ "እንዴት ነበር?" ሲለኝ ስለ ፎቁና ስለ አጥንቷ ነገርኩት። ደጋግሞ አስነገረኝ። በገበያ ቀን ለሰው ሲያወራ ሰማሁት፤ "ልጄ በዓይኗ አይታ መጣች" ይላል። ክረምቱ ሳይወጣ ጠራኝና "ከመስከረም ጀምሮ ድሬዳዋ አክስትሽ ዘንድ ሆነሽ ተማሪ" አለኝ። ለልብሴና ለደብተሮቼ ብሎ አረንጓዴ የብረት ሳጥን በጋሪ አስጭኖ አመጣ።

እኔ ግን "አልሄድም" አልኩ።

ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላውቀውም። የፈራሁት አልደረሰም፤ እንዲያውም ለሌላ ልጅ የማይከፈት በር ተከፈተልኝ። ግን ቀትር በመጣ ቁጥር ዓይኔን ልከድን ስል፣ ስነቃ ማንንም የማላገኝ ይመስለኝ ነበር። የአክስቴ ቤት፣ የከተማው ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ያ ዛፍ ሥር ያለ መሰለኝ። አባቴ "ምን ሆንሽብኝ?" እያለ ለመነኝ። የማልኩት መሐላ አፌን ይዞት ነበር።

እናቴ ሳጥኑን "ማሽላ እንክተትበት" ብትለው "ተዪው" አላት። ራስጌው አጠገብ ባዶውን ተቀመጠ።

ልዳር ስል አክስቶቼ ልብሴን ሊያስገቡበት ከፈቱት። አባቴ ከደጅ ገባና ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰው።

"ይሄ የትምህርቷ ነው" አላቸው።

ለሠርጌ ሌላ ገዛልኝ።