ቆጣሪው ያልቆጠራቸው ሴት

ሐረር የሄድኩት ባዶ ቤቶችን ለማጣራት ነበር። የመብራት ቆጣሪያቸው ለወራት ያልተንቀሳቀሰ ቤቶች ዝርዝር ተሰጥቶኛል፤ እኔ «ባዶ» ብዬ ከፈረምኩ መስመራቸው ይቆረጣል። ድሬዳዋ አድሬ ጠዋት በሚኒባስ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጣሁ። ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው ሾፌሩ በየኩርባው ጡሩምባ ይነፋ ነበር።

ጀጎል፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ሁለት ሳምቡሳ በልቼ ወደ ግንቡ ውስጥ ገባሁ። በዝርዝሬ የመጨረሻው ቤት በር ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ላንኳኳ ስል ጥግ ላይ ጫት የምትሸጥ ሴት ከለከለችኝ።

«ተወው ወንድሜ። የቆጣሪ ሰዎች ባዶ ነው ብለው ቀለም ቀቡት። ማታ ማታ ግን ብርሃን ይታያል። ወላሂ፣ እኛ ቢስሚላህ ብለን ነው የምናልፈው።»

«የማን ቤት ነበር?»

«የአባይ ዘይነባ። ካየናቸው ቆየን።» ሐረሪዎች በዕድሜ የገፉ ሴትን በአክብሮት «አባይ» ይላሉ።

ጠራራ ፀሐይ ነው፤ እኔ ግን ፈራሁ። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ።

አባይ ዘይነባ ራሳቸው ነበሩ፤ ከፍተው አስገቡኝ። ሽማግሌ ወንድማቸውን ሲያስታምሙ ከቤት አይወጡም። ታማሚው መስኮት በሌለው የውስጥ ክፍል ተኝተዋል፤ ከላያቸው አንዲት ኃይል ቆጣቢ አምፖል ትበራለች። አንዱ መሥሪያ ቤት የድሮ አምፖሎቻቸውን ወስዶ እሷን ሰጣቸው። ሌላው ደግሞ ሳሎኑን በድጎማ ሶላር አበራላቸው። የቀረችው አንዲት አምፖል ለአሮጌው ቆጣሪ አነሰችና ውስጡ የሚዞረው ክብ ብረት ቆመ።

«ቆጥቡ አላችሁን፣ ቆጠብን» አሉ። «አሁን ጎረቤት እንኳ ይሸሸኛል። ሶላሩ በጉም ጊዜ ለሳሎንም አይበቃም። ይህችን ከቆረጥክብኝ ታማሚው ወንድሜ ጨለማ ውስጥ ነው የሚሞተው፣ ልጄ።»

የምፈርምበት ቅጽ የሚጠይቀው ብረቱ መዞሩን እንጂ ሰው መኖሩን አይደለም። ቦርሳዬ ውስጥ በቆጣቢ ተተክቶ ከሌላ ቤት የሰበሰብኩት፣ እንዲሰበር የታዘዘ ባለ መቶ ሻማ አምፖል ነበረኝ። አውጥቼ በቆጣቢዋ ቦታ ገጠምኩት። ብረቱ ተንቀጠቀጠና ቀስ ብሎ ዞረ።

«ሰው መጣ እንዴ?» አሉ ታማሚው ዓይናቸውን ገልጠው።

«ሰው አለ» ብዬ ጻፍኩ። አምፖሉን ለአባይ ዘይነባ ትቼላቸው፣ ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ እንዲያበሩት ነገርኳቸው። ማባከንን አስተምሬ መውጣቴ አሳፈረኝ። ጫት ሻጯን ጠርቼ አስገባኋት፤ የአባይን እጅ ከነካች በኋላ ነው በሕይወት መኖራቸውን ያመነችው።

አዲስ አበባ

ሁለቱም ድጋፎች፣ አምፖሉም ሶላሩም፣ ደግ ናቸው። አንዱ ሌላውን ሳያይ ሲመጣ ግን ሰው መሃላቸው ይጠፋል። እኔም የቤቴን አምፖሎች በሙሉ በቆጣቢ ቀይሬያለሁ። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ስደርስ አጥሩ ላይ ያለው ቆጣሪ ቆሟል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ፣ ሰው መኖሩን ከውስጥ ልስማ ብዬ በሩን አንኳኳሁ፤ ባለቤቴ «ማነው?» እስክትል ድረስም ቆሜ ጠበቅኩ።