የውሃ ኃላፊው ቲማቲሞች

ጋሽ መመሪያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የከተማውን ውሃ ለየሰፈሩ ሲያከፋፍሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ቆጥረውት ነበር። ቤት መዋል በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት የወጥ ቤቱን መሳቢያዎች በደረጃ ከፋፍለው ወረቀት ለጠፉባቸው። የትምህርት ቤት ነርስ የሆነችው ባለቤታቸው ከሥራ ስትመለስ ቢላ ፈልጋ አጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ እባክህን ጓሮ ውጣና የሆነ ነገር ትከል!» አለቻቸው።

ተከሉ። አሥራ ሁለት የቲማቲም ችግኝ፣ በገመድ በተለካ መስመር፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶት። ውሃው ላይ ግን እንጃ። የጡረተኞች ማኅበር ስብሰባ ያለ ሰሞን አራት አምስት ቀን ይረሷቸዋል፤ ትዝ ሲላቸው ደግሞ የውሃውን ጎማ መደቡ ላይ ለቀው፣ ኩሬ እስኪሆን ጋዜጣቸውን ያነባሉ።

ፍሬው አማረ። መቅላት ሲጀምር ከቁጥር ሦስት አንዱን ቀጥፈው ቢገለብጡት ታችኛው ጫፉ ጠቁሮ፣ ሰርጉዶ፣ እንደ አሮጌ ጫማ ቆዳ ደርቋል። ሌላውን ገለበጡ፤ ያው ነው። ከላይ ሙሽራ፣ ከታች ሬሳ።

«ይሄ በቀላሉ የሚታይ ጉዳይ አይደለም» አሉና እሁድ ከምሳ በኋላ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢ ራሳቸው፣ ጸሐፊ ባለቤታቸው፣ አባል ደግሞ ምሳ ሊበላ ብቅ ያለው፣ ሾፌር የሆነው የባለቤታቸው ወንድም። ኮሚቴው በሽታ ነው ብሎ ወሰነ፤ መድኃኒት ተገዝቶ ተረጨ። ጥቁሩ ንቅንቅ አላለም። በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ወደ ሥራው ለመሄድ የቸኮለው ሾፌር እንዲያው በግምት፣ «ፀሐይ አንሷቸው ይሆናል» አለ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጋሽ መመሪያ መቀስ ይዘው ቅጠሉን መለመሉት። በሳምንቱ ፍሬው ትከሻው ላይ ነጭ፣ ወረቀት የመሰለ ጠባሳ አወጣ። ሙቀቱን ለማብረድ ደግሞ ጎማውን ግማሽ ቀን ለቀቁበት። በማግስቱ የተረፉት ሁሉ ከአንገታቸው ጀምረው ተሰነጣጠቁ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው።

በአጥሩ ማዶ የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ ቲማቲሞች በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ሆነው ያብረቀርቃሉ። ጋሽ መመሪያ ይህን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። ሦስት ሕመምተኞችን ለማስረጃ በፌስታል አንጠልጥለው ሄዱ።

«እትዬ፣ እርስዎ የሚያደርጉበት ማዳበሪያ የት ነው የሚገኘው?»

ሴትዮዋ አፏ ውስጥ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አወጣች። ቲማቲሞቹን ገለባበጠቻቸው።

«በየስንት ቀኑ ያጠጧቸዋል?»

«በበቂ ሁኔታ።»

«እሱማ መልስ አይደለም፣ ጋሼ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ይሄ ጥቁሩ በሽታ አይደለም። ውሃ ሲቆራረጥበት ምግቡ እስከ ጫፍ አይደርስም፤ መጨረሻ ላይ ያለው ይሞታል። ሲጠማ ሰንብቶ ድንገት ሲጎርፍበት ደግሞ ልጣጩ አይችልም፣ ይፈነዳል። ነጩ ፀሐይ የጠበሰው ነው። ልብሱን ማነው የገፈፈው?»

«ኮሚቴው» አሉ ጋሽ መመሪያ።

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እዚህ ሳልገባ ዳገቱ ላይ ነበር የምኖረው። ውሃ ሁለት ሳምንት ይጠፋል፣ ከዚያ አንድ ቀን በኃይል ይመጣና ቧንቧውን ያፈነዳዋል። ቢሮዎ መጥቼም ነበር። ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው አሉኝ።»

«እና… ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰፈር ቀየርኩ። ቲማቲም ግን እግር የለውም።»

ጋሽ መመሪያ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ተመለሱና ጓሮ ውስጥ የተደፋ ባልዲ ላይ ብዙ ተቀመጡ። ያን ቀን ምሳም አልበሉ።

በማግስቱ ጠዋት የበሰበሰውን ለቅመው ጣሉ፤ ሥሩን በደረቅ ሣር አለበሱ፤ ጎማውን ጠቅልለው በጆግ ማጠጣት ጀመሩ። ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ፣ በየጠዋቱ። መስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ቁጥር አሥራ ሁለት ዘንድ ሲደርሱ አፈሩ ሁልጊዜ ደርቆ ይጠብቃቸዋል። ጎማው ሲለቀቅ ለካ ውሃው እዚያ ደርሶ አያውቅም ኖሯል። እሱን ጎንበስ ብለው ሁለት ጊዜ ያጠጡታል፤ ውሃው ሲሰርግ ቆመው ያያሉ።

አዲሱ ፍሬ ንጹሕ ሆኖ መጣ። አንድ ሣህን ሞልተው ለልብስ ሰፊዋ ወሰዱላት። አመሰግናለሁ ከማለቷ በፊት እያንዳንዱን ገልብጣ አየች።

«ይቺ ተሰንጥቃለች» አለች አንዷን አንስታ።

ጋሽ መመሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ረሳኋቸው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ይቺን ቃል ከሳቸው አፍ የሰማ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ለማመን ፊርማና ማኅተም ይጠይቅ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን በጨርቅ መቀሷ ስንጥቁን ቆርጣ ጣለችና የቀረውን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠቻቸው። ቆመው በሉ።